የኒውክሌር ጣቢያ ተጠባባቂ ጄኔሬተር ሲበላሽ፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ጄኔሬተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ የኒውክሌር ጣቢያ ለመገንባት የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረሙ ወዲህ ደንበኞቼም አብረውኝ የሚሠሩ ልጆችም እነዚህን ጥያቄዎች ይደጋግሙልኛል።

የኒውክሌር ጣቢያ ራሱ መብራት አመንጪ አይደል? ናፍጣ ጄኔሬተር ምን ያደርግለታል?

ችግሩ የሚመጣው ጣቢያው ሲቆም ነው። ጢስ ዓባይ ላይ የውኃው በር ሲዘጋ ተርባይኑ ይቆማል፣ በቃ። ሪአክተር፣ አቶም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚፈጠርበት የኒውክሌር ጣቢያው ልብ፣ እንዲህ አይደለም። የአቶም መሰንጠቁ ቢቆምም ነዳጁ ውስጥ የቀሩት ጨረራማ ንጥረ ነገሮች ሙቀት መስጠታቸውን ይቀጥላሉ። በቆመበት ቅጽበት ይህ ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ 6 እስከ 7 በመቶ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 1.5 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን 1,000 ሜጋ ዋት መብራት የሚሰጥ ጣቢያ ውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት 3,000 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። የዚህ 7 በመቶ ከ200 ሜጋ ዋት ይበልጣል። የጢስ ዓባይ አንድና ሁለት ማመንጫዎች ተደምረው 84 ሜጋ ዋት ገደማ መሆናቸውን አስቡ። ያን ሁሉ ሙቀት ውኃ እየገፉ የሚያስወጡት ፓምፖች መብራት ይፈልጋሉ። ከውጭ የሚመጣው መስመር ከተቋረጠ የቀረው ተስፋ ናፍጣ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ዲዛይኖች ለተወሰኑ ቀናት ያለ መብራት መቀዝቀዝ ይችላሉ። ዛሬ ሥራ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ጣቢያዎች ግን ጄኔሬተሩን ይጠብቃሉ።

እኛ ሆቴል ካለው ጄኔሬተር በምን ይለያል?

በዘሩ አንድ ነው። ናፍጣ፣ ፖምፓ፣ ኖዝል፣ ዘይት፣ ማቀዝቀዣ ውኃ። የሚለየው መጠኑና ጥድፊያው ነው። አንዱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ሜጋ ዋት ያወጣል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች ላይ ደግሞ ትእዛዝ በደረሰው በ10 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ መድረስ አለበት። ለዚህ ሲባል ሞተሩ ቆሞ እያለም ውኃው ይሞቃል፣ ዘይቱ ይዘዋወራል። የሚነሳው በአብዛኛው በባትሪና በሞተሪኖ ሳይሆን በታመቀ አየር ነው። በአብዛኛው ለ7 ቀን የሚበቃ ናፍጣ ግቢው ውስጥ ይቀመጣል።

ብልሽት የሚባለው የትኛው ነው? ዘይት ማንጠባጠብም ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ጣቢያው ውስጥ የታየ ነገር ሁሉ ይመዘገባል፤ የላላ ብሎንም ቢሆን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ ይህ ነገር እያለ ጄኔሬተሩ ተነስቶ፣ ጫናውን (መብራት የሚሰጣቸውን ዕቃዎች ሁሉ) ተሸክሞ፣ የተባለውን ጊዜ ያህል መሥራት ይችላል?

የዘይቷን ጠብታ እንውሰድ። በሰዓት ስንት እንደምትወርድ ይለካል። ሞተሩ ሳያርፍ ለሚሠራባቸው ቀናት ይባዛል። ከዚያ ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር በታች ይወርድ እንደሆነ ይታያል። የሚወርድ ከሆነ፣ ዛሬ ሞተሩ እንደ ሰዓት ቢሠራም፣ "አይሠራም" ተብሎ ይመዘገባል። እኔ ይህን ስሌት ሆቴል ቤቶች ላይ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። "ትንሽ ናት" የተባለች ጠብታ ሦስት ቀን መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ለማን ነው የሚነገረው? በስንት ጊዜ ውስጥ?

የአሜሪካውን ሥርዓት ልንገራችሁ፤ ግልጽ ሆኖ ስለተጻፈ። ያየው ሰው ወዲያው ለፈረቃ ኃላፊው ይናገራል። መብራት ተቋርጦ የአደጋ ጊዜ ጄኔሬተሮቹ በራሳቸው ከተነሱ በ8 ሰዓት ውስጥ ለኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽኑ በስልክ ይነገራል። ሪፖርት የሚያስፈልገው ክስተት ከሆነ ዝርዝሩ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል።

ዕቃውን የሠራው ወይም የሸጠው ድርጅትም ግዴታ አለበት። የሸጠው ዕቃ ላይ ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ካገኘ መርምሮ ለመጨረስ 60 ቀን አለው። ኃላፊው ከተነገረው በ2 ቀን ውስጥ ለኮሚሽኑ ያሳውቃል፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ ያስገባል። እያወቀ የደበቀ ኃላፊ ይቀጣል። ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ ስለዚህ ያንኑ ዕቃ የገዛ ሌላ ጣቢያ አንብቦ የራሱን ይፈትሻል።

የምቀናበት ይህን ነው። እዚህ አንድ ዓይነት የጄኔሬተር ባትሪ ቻርጀር በአንድ ዓመት ሦስት ቤት ውስጥ ሲቃጠል ሦስት መካኒኮች ለየብቻ ይቀይሩታል። አራተኛው ቤት ማንም አይነግረውም።

በየሳምንቱ ሲሞከር ይነሳል። መብራት ሲጠፋ ግን እምቢ አለ። እንዴት ይሆናል?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። መልሱ ያለው "ሙከራ" በምንለው ነገር ውስጥ ነው። አንድ ክሊኒክ በሐምሌ ዝናብ፣ በሌሊት ጠርቶኝ ነበር። ጥበቃው ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፉን ይጫናል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሦስት ደቂቃ ይሄዳል፣ ይጠፋል። መዝገቡ ላይ "ይሠራል" ተብሎ ይፈረማል። የዋሸ ሰው የለም። ግን ሞተሪኖው ለማስነሳት ከባትሪው የወሰደውን ሦስት ደቂቃ አይመልሰውም። ቻርጀሩ ደግሞ ከተቃጠለ ቆይቷል። ፊልትሮው ውስጥ ውኃ ተጠራቅሟል፤ ያለ ጫና ለሚሄድ ሞተር ግን የሚያልፈው ናፍጣ ይበቃዋል። ያን ሌሊት ባትሪ ለውጬ አስነሳሁት። ጫናውን ሲቀበል አራት ደቂቃ ሄዶ ታነቀ። ነርሷ በስልኳ መብራት ስትሠራ አይቻታለሁ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የኒውክሌር ጣቢያዎች ይህን ስለሚያውቁ ማስነሳትን ብቻ እንደ ሙከራ አይቆጥሩትም። በአሜሪካ የተለመደው በየ31 ቀኑ አስነስቶ፣ ጫና አሸክሞ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማሠራት ነው። ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አንዴ ደግሞ ለ24 ሰዓት ይሠራል። ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር፣ የሙቀት መጨመር፣ የማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) መላላት፣ የኩሽኔታ ድምፅ፣ የሚታየው ያኔ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሞተሩ ደህና ሆኖ የራሱ ጠባቂ ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ቮግትል በሚባለው ጣቢያ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የመስመር ምሰሶ መታ፤ መብራት ተቋረጠ። ሪአክተሩ ነዳጅ ለመቀየር ቆሞ ነበር። አንዱ ጄኔሬተር ለጥገና ተፈትቷል። ሌላው ተነሳና ጠፋ። እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ጠፋ። የማቀዝቀዣ ውኃውን ሙቀት የሚለኩት ሴንሰሮች ሞተሩ ሳይግል "ጋለ" እያሉ ነበር። በመጨረሻ ሠራተኞቹ አብዛኛውን መከላከያ በሚያልፈው የአደጋ ጊዜ ማስነሻ አስነሱት። 36 ደቂቃ አልፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሪአክተሩ ውኃ ከ32 ወደ 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። ጉዳት አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ግን ሞተሩን ለመፈተሽ የመጣ ሰው ሴንሰሩንም ለምን መፈተሽ እንዳለበት ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ቶሎ ቶሎ ማስነሳት ሞተሩን አይጎዳውም?

ይጎዳዋል፤ አነሳሱ መጥፎ ከሆነ። ቀዝቃዛ ሞተርን ድንገት አስነስቶ ወዲያው ሙሉ ፍጥነት ላይ መክተት ኩሽኔታና ፒስተን ይበላል። የአሜሪካው ኮሚሽን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዲህ ያሉት ሙከራዎች እንዲቀነሱ ለጣቢያዎች ጽፏል። ሙከራው ራሱ ብልሽት እያመጣ ነበር ማለት ነው።

ሌላው ያለ ጫና ማሠራት ነው። ሞተሩ ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረጅም ጊዜ ሲሄድ በደንብ አይግልም። ያልተቃጠለ ናፍጣና ጥቀርሻ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይከማቻል፤ ጥቁር ቅባት ያንጠባጥባል። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ በሽታ ብዙ ነው። "ትልቅ ይሻላል" ተብሎ ይገዛና ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ፍሪጅና አምፖል ይሸከማል።

ባሕር ዳር ላይ ምን የተለየ ነገር አለ?

ከፍታው አንድ ነው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ከ10 በመቶ በላይ ሊያጣ ይችላል። ሰሌዳውን አምናችሁ ጫና ከሞላችሁበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ እናንተ ደግሞ ኖዝል ተበላሸ ትላላችሁ። ኖዝሉ ደህና ነው።

ሁለተኛው እርጥበት ነው፣ በተለይ ከሐይቁ አጠገብ ላሉ። ግማሽ የጎደለ ታንከር ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል። ውኃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። በሁለቱ መካከል ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ፊልትሮ የሚዘጋው ያ ቡናማ ዝልግልግ ነገር እሱ ነው። ናፍጣ ሲጠፋ ከተለያየ ቦታ በጀሪካን የተገዛ ሲቀላቀልበት ይብሳል። ታንከሩን ሙሉ አድርጉ። ከሥሩ ያለውን ማፍሰሻ በክረምት በየሳምንቱ ክፈቱ፤ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለት ጄኔሬተር ካለን አንዱ ቢበላሽ ምን ያስጨንቃል?

ሁለቱም በአንድ ምክንያት ሊቆሙ መቻላቸው ነው የሚያስጨንቀው። ለዚህ ነው በአሜሪካ አንዱ ሲበላሽ "ያኛውም ይህ ችግር ይኖርበት ይሆን?" የሚለው በ24 ሰዓት ውስጥ መመለስ ያለበት።

ምሳሌዎቹ ያማሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ኒው ዮርክ አጠገብ ሾርሃም የተባለ ገና ሥራ ያልጀመረ ጣቢያ ላይ በሙከራ ጊዜ የአንዱ ሞተር ኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ተሰበረ። የቀሩት ሁለቱ ሲፈቱ የነሱም ኮሎ ተሰንጥቆ ተገኘ። ዲዛይኑ ለጫናው አይበቃም ነበር። ሦስት መግዛት ምንም አልጠቀመም። እ.ኤ.አ. በ2006 ስዊድን ፎርስማርክ በሚባለው ጣቢያ ላይ መስመር ላይ አጭር ዙር ተፈጥሮ ቮልቴጁ ዘለለ። ከአራቱ ጄኔሬተሮች የሁለቱ መቆጣጠሪያ ኃይል ስለጠፋ ኃይላቸው ወደ መስመሩ ሳይገባ ከ20 ደቂቃ በላይ ቆየ። ቀሪዎቹ ሁለቱ ሠሩ፤ እነሱም የነበራቸው ዕቃ ያው ዓይነት ነበር።

ፉኩሺማን ሁሉም ያውቀዋል። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. መሬት ሲንቀጠቀጥ የውጭ መብራት ተቋረጠ፤ ጄኔሬተሮቹ እንደታዘዙት ተነሱ። 50 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሱናሚው መጣ። ብዙዎቹ ምድር ቤት ስለነበሩ ሰመጡ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዙ ሁለት ጄኔሬተሮች ራሳቸው ሳይሰምጡ ማከፋፈያ ሰሌዳቸው ስለሰመጠ ከጥቅም ውጭ መሆናቸውን ነው። ከማከፋፈያው ጋር የተረፈው አንድ ጄኔሬተር ስድስተኛውንና አምስተኛውን ሪአክተር አተረፈ። ስለዚህ ጣና ዳር ያላችሁ፣ ጄኔሬተሩን ከፍ ያለ መደብ ላይ አድርጋችሁ ሰሌዳውን ምድር ቤት አትተዉት።

ለጥገና ስንት ጊዜ ይሰጣል?

በአሜሪካ ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ የቆየው ገደብ 72 ሰዓት ነው፤ ብዙ ጣቢያዎች ተጨማሪ መጠባበቂያ አዘጋጅተው ወደ 14 ቀን አስረዝመውታል። ሁለቱም ከተበላሹ አንዱን ለመመለስ ያለው ጊዜ 2 ሰዓት ነው። ካልሆነ ሪአክተሩ ይቆማል።

መለዋወጫው ከገበያ ቢገዛ ምን ችግር አለው?

መግዛቱ አይደለም ችግሩ። የብዙ አሮጌ ሞተሮች ፋብሪካ ተዘግቷል፤ የኒውክሌር ጣቢያዎችም ከተራ ገበያ ይገዛሉ። ግን ዕቃው ሞተሩ ላይ ከመግባቱ በፊት ለሥራው ወሳኝ የሆነው ባሕርዩ ይፈተሻል፦ ልኩ፣ የብረቱ ዓይነት፣ የሚችለው ሙቀት። የተሠራበት ቁጥርም ይያዛል፤ ነገ ጉድለት ቢሰማ የት እንደገባ እንዲታወቅ።

እኛ ቢያንስ ሁለት ነገር እንችላለን። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መለካት። የተበላሸውንም አለመጣል። የተሰበረ ዕቃ ምስክር ነው። ለቆራሌው ከሰጣችሁት ለምን እንደተሰበረ የሚናገር አይኖርም።

ተጠግኗል የሚባለው መቼ ነው?

ሞተሩ ሲነሳ አይደለም። ለምን እንደተበላሸ ሲታወቅ፣ በጫና ተሞክሮ ሲያልፍ፣ የጠገነው ሳይሆን ሌላ ሰው ዞሮ ሲያየው ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሞተር ገጥሜ ስጨርስ ዓይኔ የሠራሁትን እንጂ የረሳሁትን አያይም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ትልቁ ነገር አይደለም። ለጥገና የተነቀለ የባትሪ ገመድ፣ ከአውቶማቲክ ላይ ወርዶ የቀረ ቁልፍ፣ የተዘጋ ቫልቭ ነው። ጄኔሬተሩ አዲስ የመሰለ ሆኖ እዚያው ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል።

ብልሽቱን ያመጣሁት እኔ ብሆንስ? ብናገር ከሥራ እባረራለሁ።

ይህን የሚጠይቁኝ በአብዛኛው ወጣት ኦፕሬተሮች ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። የአሜሪካ ሕግ የደኅንነት ጉዳይ ያነሳን የኒውክሌር ሠራተኛ አሠሪው እንዳይበቀለው ይከለክላል። ያ የተጻፈው ለደግነት ብቻ አይደለም። የተደበቀን ስህተት መብራት እስኪጠፋ ድረስ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያን ዕለት ፈረቃው ላይሆን ይችላል። እናንተ አለቃ ከሆናችሁ፣ መጀመሪያ የነገራችሁን ሰው የምትቀበሉበት ፊት ሁለተኛው ሰው ይናገር አይናገር ይወስናል።

እኔም ነግሬያለሁ። አንድ ሆቴል ውስጥ ፊልትሮ ለመቀየር የናፍጣውን ቫልቭ ዘጋሁ። ቀየርኩ፣ አስነሳሁ፣ መስመሩ ውስጥ በቀረው ናፍጣ ጥቂት ሄደ፣ አጥፍቼ ወጣሁ። ሽምብጥ ሰፈር ቤቴ ደርሼ እራት ላይ እያለሁ ትዝ አለኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ለባለቤቱ ደወልኩና "ጋሼ፣ ቫልቩን ሳልከፍት ነው የወጣሁት፤ አሁን ጄኔሬተርዎ አይሠራም" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ የቱ ነው ቫልቩ?" ብለው የእጅ ባትሪ ይዘው ወረዱ፤ በስልክ እየመራኋቸው ራሳቸው ከፈቱት። በነጋታው ቀይ ጨርቅ ገዝቼ ቆራረጥኩ። ቫልቭ ስዘጋ እጀታው ላይ አስራለሁ፤ ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ካልተመለሰ ከግቢው አልወጣም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆችም አሁን የየራሳቸውን ጨርቅ ይይዛሉ።